ለበረዶ ባሕር የተገዛ ቱታ

ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በገዛ ፈቃዱ ብርድ ፍለጋ ይሄዳል? እኔን ጠይቁኝ። መሄዱ እንኳን ይቅር፣ ዝግጅቱ ብቻ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን ቢሮ ውስጥ ማኅተም የምመታ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ካሜራ አንግቼ ሰፈር ለሰፈር የምዞር ሰው ነኝ። ፎቶ አንሺ ነኝ ብዬ አልኮራም። ፎቶ አንሺ ማለት ሰው አንሳኝ ብሎ የሚለምነው ነው፤ እኔን ግን የሚለምኑኝ እንዳላነሳቸው ነው። አንድ ክረምት ታዲያ ከባድ በረዶ ጥሎ ጎረቤታችን ከደጇ በአካፋ ስትዝቅ አነሳኋትና፣ እንዲያው እስቲ ብዬ ፎቶውን ለአንድ የውጭ አገር ውድድር ላክሁት። ረስቼው ስኖር "እንኳን ደስ አለህ" የሚል መልእክት መጣ። ሽልማቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዓለም ጫፍ ላይ ወዳለ የበረዶ ባሕር በሚሄድ መርከብ ውስጥ አንድ አልጋ! የአውሮፕላኑንም እነሱ ይችላሉ። ከእኔ የሚጠበቀው ካሜራዬንና ብርድ የሚችል ልብስ ይዤ መቅረብ ነው።

ባለቤቴ ጽጌ መልእክቱን ደጋግማ አስነበበችኝ።

"እና እዛ ምን አለ?"

"በረዶ።"

"ሌላስ?"

"ፔንግዊን።" ስልኬ ላይ አሳየኋት።

"ይሄ ካፖርት የለበሰ ዶሮ አይደለም እንዴ?" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ጽጌ ብትናደድ አይፈረድባትም። ካሜራው የተገዛው ፍሪጅ ልንገዛበት ባጠራቀምነው ብር ነው። "ግድ የለም፣ አንድ ዓመት ልታገስህ" ብላ ፈቀደችልኝ፤ ዓመቱ ካለፈ ቆየ። እስከ ዛሬ ወጡን ቀን በቀን እየሠራች፣ ወተቱን ጠዋት ጠዋት እያፈላች ነው የምትኖረው። ካሜራውን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ለእሷ "ፍሪጁ" ነው። "ፍሪጁን ከልጆቹ አርቀው።" "ፍሪጁን ዝናብ እንዳይመታው።" መርካቶ ልሄድ ስነሳም ደጃፍ ድረስ ተከትላኝ "ፍሪጁን ጥለህ ከመጣህ አንተም እዛው ቅር" አለችኝ። ስትለው ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም።

ሰነፍ ነበር እንዳትሉኝ፣ ዝግጅቱን በጊዜ ነው የጀመርኩት። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል ሲባል ሰምቼ፣ የካሜራውን ባትሪ በላስቲክ ጠቅልዬ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያሳድርልኝ ባለቤቱን ለመንኩት። ሰውየው በማግስቱ ከጥብስ ሥጋ ጋር መዝኖ ለአንዲት ሴትዮ ሊሸጠው ሲል ለጥቂት ደረስኩ። መርከብ ይናወጣል ሲባል ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ቆሜ በመስኮት ማንሳት ተለማመድኩ። ወያላው "ጋሼ፣ ኧረ ቁጭ ይበሉ፣ ሊያስቀጡን ነው!" እያለ ከፊቴ ሲጋረጥ፣ ያን ቀን ያነሳሁት ሁሉ የወያላው ብብት ሆኖ ቀረ።

የቀረኝ ልብሱ ነበር። በረራዬ እሁድ፣ ልብስ ልገዛ የወጣሁት አርብ ረፋድ ላይ። እንዲህ ነው የኔ ነገር! በዚያ ላይ ካሜራውን አንግቼዋለሁ። ጓንት አጥልቄ ቁልፉን መጫን መቻሌን እዛው ካላየሁ እንዴት ልግዛ?

ሶማሌ ተራ ጋሼ ከድር ጋ ሂድ ብለውኝ ነበር። ጋሼ ከድር ከስልጤ በወጣትነታቸው መጥተው መርካቶ ውስጥ የሸበቱ ነጋዴ ናቸው። ከውጭ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ ልባሽ ልብስ ያከፋፍላሉ። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ እስከ ቆጧ ድረስ በልብስ ታጭቃ ሰው የሚቆምባት የቀረች መሬት አንድ ክንድ አትሞላም።

"ጋሼ ከድር፣ በረዶ ላይ የሚለበስ ነገር ፈልጌ ነበር።"

"ደብረ ብርሃን ልትሄድ ነው?"

"ኧረ ከዚያ ራቅ ይላል።"

"መንዝ?"

"የዓለም መጨረሻ ነው ጋሼ።"

"አላህ ይጠብቅህ" አሉና፣ ዓይናቸው ደረቴ ላይ የተንጠለጠለችው የካሜራ ቦርሳ ላይ አረፈ። "ይሄን ይዘህ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው? በአርብ ቀን? አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም እንዴ?"

"ምን ላድርገው ታዲያ?"

አንድ ባዶ ማዳበሪያ አንስተው አራገፉና ወረወሩልኝ። "እዚህ ውስጥ ክተተው። ቦርሳ ያየ ሌባ ዓይኑ ይከፈታል። ማዳበሪያ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እሰረውና በሩ ሥር ጣለው። አደራው በኔ ነው።"

እኔ ጅሉ፣ ወይ ብልሃት ብዬ አደነቅኩ። ካሜራውን ከነቦርሳው ከተትኩት፣ አፉን በሲባጎ ጠፈርኩት፣ በሩ ሥር አስቀመጥኩት። ከጎኑ ሌሎች ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል። ልክ እንደሱ ነጭ፣ ልክ እንደሱ በሲባጎ የታሰሩ። ይሄን እያየሁ እንኳን አልነቃሁም።

ጋሼ ከድር ቦንዳ ውስጥ እስከ ትከሻቸው ገብተው አንድ ቱታ ጎትተው አወጡ። በባሕር ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚለብሱት ሳይሆን አይቀርም። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ፣ ውስጡ እንደ ፍራሽ የተሞላ፣ ቀለሙ ዓይን የሚያጠፋ ብርቱካናማ፣ ደረቱና እጅጌው ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ መስመር የዞረበት። ኮፍያ አለው። ከባድ ቦት ጫማም መረቁልኝ። ከጀርባ በተሰቀሉት ጃኬቶች ከለላ ሱሪዬን አውልቄ፣ ስልኬን ከነሱሪዬ ሰቅዬ፣ እየታገልኩ ገባሁበት። ዚፑን እስከ አገጬ ሳብኩት። እዚያ ላይ ካናቴራዬን ነከሰና ቀጥ አለ። ወደ ታች ስጎትተው የለም። ወደ ላይም የለም። የአዛኑ ድምፅ ከአንዋር መስጊድ በኩል ሲመጣ እኔ ከዚፕ ጋር ግብግብ ላይ ነበርኩ።

"ጋሼ ከድር! ኧረ አንዴ ይርዱኝ!"

ጃኬቶቹን ገልጬ ወጣሁ። ጋሼ ከድር የሉም። ማዳበሪያዬም የለም። ከጎኑ የነበሩትም የሉም፤ በሩ ሥር ንጹሕ ሲሚንቶ ብቻ ነው ያለው።

ወደ ደጅ ዘልዬ ወጣሁ።

ፊት ለፊት እትዬ ዘይነባ አሉ፤ ከወሎ የመጡ፣ ክርና ጥለት የሚሸጡ እናት ናቸው። "እትዬ፣ ጋሼ ከድር የት ሄዱ?"

"ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ፣ የጁምዓ ሶላት ደረሰ እኮ። አሁን ይመለሳል።" ቀና ብለው አዩኝና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ምን ሆነህ ነው ወንድምዓለም?"

"ማዳበሪያዬስ? እዚህ በሩ ሥር የነበረው?"

"ውይ በሞትኩት! ተሸካሚዎቹ የቡታጅራን ጭነት ሊያወጡ መጥተው በሩ ላይ የነበረውን ሁሉ ጠርገው ሄዱ። አሁን ነው። አይሱዙው አንዋር በኩል ነው የሚቆመው፣ ብትሮጥ ትደርስበታለህ!"

ፍሪጁ ወደ ቡታጅራ! ቱታውን ላውልቅ ብል ዚፑ አይከፈት፣ ልደውል ብል ለማን እደውላለሁ? እግሬ አውጪኝ አልኩ።

እስቲ አስቡት። ቀትር ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ እኔ በፍራሽ ተጠቅልዬ በዚያ መተላለፊያ እሮጣለሁ። ቦቱ ድው ድው ይላል። "መንገድ! መንገድ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ሰዉ ያየኛል፣ ይደነግጣል፣ ግድግዳ ይለጠፋል። መጀመሪያ መሳቃቸውን ነበር የጠበቅሁት። ግን የሚስቅ የለም። አንድ የብርጭቆ ነጋዴ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ከኋላዬ "የት ጋ ነው?" ብሎ ጮኸ፤ ምኑ እንደሆነ አልገባኝም። "አንዋር በኩል!" ብዬው አለፍኩ። አይሱዙውን የጠየቀኝ መስሎኝ እኮ ነው! ትንሽ አልፌ የመጀመሪያው የቆርቆሮ መዝጊያ ሲወርድ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ "እሳት!" የሚል የሴት ድምፅ።

መርካቶ ውስጥ በሁሉም ይቀለዳል፤ በሚስት ይቀለዳል፣ በግብር ይቀለዳል፣ በሞትም ይቀለዳል። በእሳት ግን አይቀለድም። ሰዉ ዕድሜ ልኩን የለፋበትን በአንዲት ጠባብ ክፍል ቆልሎ፣ ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ማታ ቆልፎ ሲሄድ ግማሽ ልቡን እዛው ትቶ ነው የሚያድረው። በዚህ ሰው መሃል እኔ፣ ብርቱካናማ ቱታ ከነሚያብረቀርቅ መስመሩ፣ ከባድ ቦት፣ ኮፍያ፣ "መንገድ! መንገድ!" እያልኩ። እሳት አደጋ መሆኔን ማን ይጠራጠራል? እኔም ብሆን እቃዬን ይዤ እወጣ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። "የለም፣ እሳት የለም!" ብዬ ዞሬ ልጮህ አሰብኩ። ካቆምኩ አይሱዙው ሊሄድ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላቆምኩም።

አንዋር ጋ ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ሰጋጁ ከመስጊዱ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ፈስሷል፤ ምንጣፍ ያነጠፈ፣ ካርቶን ያነጠፈ፣ ጃኬቱን አውልቆ ያነጠፈ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ቆሟል። ከወዲያ ማዶ አይሱዙው ቆሟል። ማዳበሪያዎቹ ተቆልለውበት ይታዩኛል። እሱም እንደኔ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ሶላቱ እስኪያልቅ እሱም እስረኛ ነው። ግን ያለቀ እንደሆነ ቀድሞ የሚነሳው ማን ነው? ሞተር ያለው!

የሰው መስገጃ ረግጬ አላልፍ። ዙሪያውን ልሂድ ብል ከዓይኔ ይሰወራል። ቆምኩ። ሰዉ ጎንበስ ሲል እኔ ብቻዬን ተገትሬ ቀረሁ፤ አፍሬ እኔም ቁጢጥ አልኩ። ዳር ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት ሳይዞሩ ካርቶናቸውን በእጃቸው ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። ክርስቲያን ነኝ ልበላቸው? በሶላት መሃል? ካርቶኑ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ላቡ ከአናቴ ተነስቶ በጀርባዬ እየወረደ ቦቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ከፊቴ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ብሏል፤ ከኋላዬ በሩቁ የቆርቆሮ መዝጊያ ይንጓጓል፣ ሰው ይጯጯሃል፣ እቃ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ያን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አሁን ተነስቶ አንዱ እሳት ብሎ እዚህ ቢገባስ? ይሄ ሁሉ ሰው በአንዴ ቢነሳስ? ጌታዬ፣ ካሜራውን እንኳን ተወው፣ ሰው አይረገጥብኝ አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ካሜራውንም ቢሆን አልኩ።

ሶላቱ በሰላም አለቀ። ሰዉ ግራና ቀኙን ሰላም ብሎ እንዳበቃ ተፈናጥሬ ተነሳሁ። አይሱዙው ሞተሩን አስነስቷል። በሰው መሃል እየተሽሎከለክሁ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያልኩ ደርሼ የጎኑን ብረት በቦክስ ደበደብኩት።

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። "ምንድን ነው? እሳት አለ እንዴ?"

"ማዳበሪያዬን! ከጋሼ ከድር ሱቅ የተጫነው ውስጥ የኔ አለ!"

ደህና ሰው ነው፤ ረዳቱን ጠርቶ ከከድር የመጡትን አስወረደልኝ። አንዱን ፈታን፤ የልጅ ካልሲ። ሌላውን ፈታን፤ ሹራብ። ሹራብ። እንደገና ካልሲ። የመጨረሻውን ራሴ ነኝ በጥርሴ የፈታሁት፤ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ሱሪ ወጣ። ካሜራ የለም።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። "ሸወዱኝ! ማዳበሪያ ውስጥ ክተተው ያሉኝ ለዚህ ነው! ሽማግሌው ውዱእ ብለው ካሜራዬን ይዘው ጠፉ! ሌባ ናቸው!"

ሾፌሩ የፈታነውን መልሶ እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ። "ጋሼ ከድርን ነው?"

"አዎ!"

"አፍህን ሰብስብ" አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ወደ ኋላ ተመለከተና ፊቱ ተቀየረ። "ስማ፣ ከወዲያ የሚመጡት ሰዎች ብርቱካናማ የለበሰ ሰው ነው የሚጠይቁት።" ከወንበሩ ሥር አሮጌ ሸራ ስቦ ወረወረልኝ። "ተከናነብና ጥፋ።"

በሸራ ተጠቅልዬ በመጣሁበት ተመለስኩ። ምድር ዋጪኝ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። መተላለፊያው ሙሉ እቃ ተዘርግፏል። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ያ የብርጭቆ ነጋዴ ካርቶኖቹን አቅፎ መሃል መንገድ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ግማሹ ተሰብሯል። ጣራ ላይ የወጣ ጎረምሳ "ምንም የለም! ጭስም የለም!" እያለ ይጮሃል። ሰዉ ድንጋጤው ሲለቀው በምትኩ ንዴት ገባው።

"አንድ የእሳት አደጋ ልብስ የለበሰ ነው አሉ ያወከን!"

"ሊዘርፉ እኮ ነው፣ ዘዴ ነው!"

"ብቻ እጄ ይግባ፣ አጥንቱን ነው የምለቅመው!"

ሸራውን ወደ አፍንጫዬ ሳብኩ። ቦቴ እንዳይታይ በርከክ እያልኩ በእንብርክክ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

እትዬ ዘይነባ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ክራቸውን አላወጡም፤ ምንም አላወጡም። እዛው ቁጭ እንዳሉ እንባቸው ይወርዳል። "ደግሞ? አሁንም ደግሞ?" ይላሉ ለማንም ሳይሆን። ከዚህ በፊት ሱቃቸው ተቃጥሎባቸው እንደነበር አጠገባቸው የቆመችው ሴት ነገረችኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ቢሆንም ጠየቅኳቸው፤ እንዲህ ነው የሰው ነገር።

"እትዬ፣ ጋሼ ከድር አልተመለሱም?"

"ውዱኡን አድርጎ ሲመለስ እሳት አሉት። ቆጡ ላይ ወጥቶ አንድ ነገር አወረደና ሱቁን ወለል አድርጎ ትቶት በረረ።" ወደ ታችኛው መውጫ ጠቆሙኝ። "ምን እንደያዘ አላየሁም፣ ልጄ። ዓይኔ እያየ አልነበረም።"

የሱቁ በር ወለል ብሏል። አንድ ቦንዳ አልተነካም፣ የገንዘብ ሳጥኑ እንኳን ክፍት ነው። ምን ይሆን ያወረዱት? ወርቅ ነው የሚሆነው አልኩ በሆዴ። ሽማግሌው ወርቃቸውን ቆጥ ላይ ነው የሚደብቁት።

ከታችኛው መውጫ ጥግ አገኘኋቸው። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት እንደተጠቀለለ ነው፤ ክንዳቸው ላይ ያለው የውዱእ ውኃ ይሁን ላብ አይታወቅም። አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ ውስጥ ነው፣ ሌላው ባዶ፤ ደምቷል። ጭናቸው ላይ አንድ ነጭ ማዳበሪያ በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። ሲባጎውን አወቅኩት። እኔ ነኝ የጠፈርኩት።

ሲያዩኝ ዓይናቸው በራ። "አልሐምዱሊላህ! አለህ? እኔ እኮ ልብስ ስትለብስ እሳቱ ውስጥ የቀረህ መስሎኝ ጃኬቱን ሁሉ ገላልጬ ነው የወጣሁት።" ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "ተሸካሚዎቹ ሲመጡ ከነሱ ጭነት ጋር እንዳይሄድብህ ብዬ ለውዱእ ስወጣ ቆጡ ላይ አውጥቼው ነበር። እንካ፣ አደራህ።"

"ጋሼ... ሱቁስ? ሱቁን ክፍቱን ትተው?"

"ሱቁ የኔ ነው" አሉኝ፣ ይሄም ጥያቄ ነው እንዴ በሚል አነጋገር። "የሰው እቃ እሳት ውስጥ ትቼ የራሴን ላወጣ ነው?" ወደ መተላለፊያው አንገታቸውን መዘዙ። "ለመሆኑ እሳቱ የት ጋ ነው? ወደኛ ይመጣል? አይተኸዋል አይደል?"

ሸራውን ከላዬ ገፈፍኩት።

ከቦቱ እስከ ኮፍያው አዩኝ። መጀመሪያ አልገባቸውም። ደረቴ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ መስመር፣ ላቤን፣ ከዚያ በሩቁ የሚጯጯኸውን ሰው፣ ከዚያ መልሰው እኔን።

"እሳት የለም ጋሼ። እሳቱ እኔ ነኝ።"

ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን ማዳበሪያው ላይ አሳረፉት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይሳቁ ያልቅሱ መለየት አልቻልኩም። ሁለቱም ይመስለኛል። ቆየት ብለው ቀና ሲሉ ሰዉ ከመስጊዱ በፊታችን እያለፈ ወደየሱቁ ይመለስ ነበር። ምንጣፉን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ የያዘ አንድ ሰውዬ "አላህ ሶላታችሁን ይቀበላችሁ" ብሎን አለፈ።

"ጁምዓዬ አለፈችኝ" አሉ ጋሼ ከድር ቀስ ብለው። ቁጣ የለበትም፤ ያዘኑ ግን ይመስላሉ።

አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ማዳበሪያውን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ፈትተህ እየው እንጂ" አሉኝ። "እቃህ መሙላቱን ሳታይ ትሄዳለህ እንዴ?"

አልፈታሁትም።